መሰንጠቂያ ማሽኑ ሲቆም፦ ችግሩ ከሽቦው ነው ወይስ ከዘይቱ?

በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በደቡብ ጎንደር አካባቢዎች ባሕር ዛፍ ለብዙ አርሶ አደሮች በቁም ያለ ቁጠባ ነው። ለልጅ ትምህርት፣ ለቤት ቆርቆሮ ወይም ለድንገተኛ ሕመም ገንዘብ ሲያስፈልግ ይቆረጣል። ግንዱ ተሰንጥቆ ጣውላና ሞራሌ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። በመኪና እየተጎተተ ግንዱ ወዳለበት የሚሄደው ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ማሽን ለአርሶ አደሩም፣ በከተማ ለሚኖረው እንጨት ሠሪም ጠቃሚ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ብዙ አይጠብቅም። ዛፉ በሚያድግበት ጊዜ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ግንዱ ሲቆረጥ መፈታት ስለሚጀምር፣ ጫፍና ጫፉ ይሰነጠቃል። ፀሐይና ነፋስ ሲጨመሩበት ስንጥቁ እየጠለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ ለቀናት ሲቆም የሚባክነው የሠራተኛ የቀን ክፍያ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ጭምር ነው። በችኮላ የሚደረግ ጥገና ደግሞ ሌላ ኪሳራ ያስከትላል፤ ደህና የነበረ ፓምፕ ተነቅሎ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም ተገጥሞ ማሽኑ እንደቀድሞው ይደክማል።

ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ብልሽቱ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ፍለጋው ቅደም ተከተል ስለሌለው ነው። የላላ ገመድ የደከመ ፓምፕ ሊመስል ይችላል፤ የቆሸሸ ፊልትሮም እንደዚሁ። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የማሽኑን አሠራር ማወቅ፣ አንድ ርካሽ ቴስተርና ትዕግሥት ነው።

ጉልበቱ ከየት ወደየት ይሄዳል?

ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያዎች በአሠራር ቢለያዩም ብዙዎቹ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ሞተር ይሠራሉ። ሞተሩ በቺንጋ አማካኝነት መጋዙን ያሽከረክራል፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ዲናሞ ደግሞ 12 ቮልት ባትሪ ይሞላል። ባትሪው ሞተሪኖውን ያስነሳል፣ የመጋዙን ራስ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደላይና ወደታች የሚወስዱትን ትንንሽ ሞተሮች ይመግባል። በብዙ ማሽኖች ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፑን የሚያዞረውም በዚሁ ባትሪ የሚሠራ ሞተር ነው።

ፓምፑ ዘይቱን ከጋኑ ስቦ ይገፋል። ዘይቱ በመቆጣጠሪያ ቫልቮች በኩል አልፎ በቱቦዎች ወደ ሲሊንደሮች ይደርሳል። ሲሊንደሮቹም ግንድ ያነሳሉ፣ ያዞራሉ፣ ጨብጠው ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ግንድ ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ጉልበቱ ከባትሪ ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ ማብሪያ፣ ከማብሪያ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ቫልቭ፣ ከዚያም በቱቦ ወደ ሲሊንደር ይጓዛል። ከነዚህ መካከል አንዱ ሲደክም ድካሙ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው፤ ግንዱ አይነሳም። የጥገና ሥራ ማለት ደግሞ ከመነሻው ጀምሮ ጉልበቱ የጠፋበትን ቦታ ማግኘት ነው።

ከፍተሻ በፊት ጥንቃቄ

ማንኛውም ሽፋን ከመከፈቱ በፊት ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉም ተነቅሎ ፍተሻውን በሚያደርገው ሰው ኪስ ይገባል። ወደ ላይ የቀረ የግንድ ማንሻ ክንድ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፤ መውረድ ካልቻለ በጠንካራ ብረት ወይም በእንጨት ድጋፍ ይታገዳል። በሃይድሮሊክ ብቻ የተንጠለጠለ ጭነት ሥር እጅም ሆነ እግር ማስገባት አይገባም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የቫልቭ እጀታዎችን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ለመልቀቅ ይረዳል።

በኤሌክትሪኩ በኩል ገመድ ከመፈታቱ ወይም ከመጥበቁ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ በቅድሚያ ይነቀላል፤ ሲመለስም መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ይህ ሥርዓት ቁልፍ ወይም ፒንሳ ድንገት የማሽኑን ብረት ነክቶ የእሳት ብልጭታ እንዳይፈጥር ይከላከላል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ እሳት ሊኖር አይገባም።

መጀመሪያ ጆሮ ይሠራል

የሃይድሮሊኩ እጀታ ሲነካ ከሚሰማው ድምፅ ብቻ ብዙ ነገር መለየት ይቻላል። ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ አልደረሰም፤ ፍለጋው በባትሪው፣ በፊውዙ፣ በማብሪያውና በገመዱ ላይ ያተኩራል። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰምቶ ሞተሩ ካልዞረ ማብሪያው ትእዛዙን ተቀብሏል፣ ሪሌው ግን በቂ ኤሌክትሪክ አላሳለፈም ወይም ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ በሙሉ ድምፁ እየዞረ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከዘይቱ ወገን ነው። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ሲዞር ግን ጉዳዩ አሻሚ ነው፤ ፓምፑ ከብዶት ሊሆን ይችላል፣ ኤሌክትሪኩም አንሶት ሊሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ በመጨረሻው ምልክት ላይ በችኮላ ሲወሰን ነው።

የኤሌክትሪክ ፍተሻ፦ ከባትሪው ይጀመራል

ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ክልል መሆን ይኖርበታል። ሞተሩ እየሠራም 12 ቮልት ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ ያኔ የላላ ቺንጋ፣ የተነቀለ ሽቦ ወይም የተበላሸ ዲናሞ ይጠረጠራል።

ይሁን እንጂ ባትሪው ሥራ ሳይሠራ የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። ያረጀ ባትሪ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት አሳይቶ ፓምፑ ሲነሳ ወደ 8 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው እጀታውን ሲይዝ ሌላው በባትሪው ላይ ያለውን ንባብ ይከታተላል።

ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ከደከመ ቀጣዩ ተጠርጣሪ መገናኛ ነው። የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሞተር ከባድ ጭነት ሲገጥመው 200 አምፒር ያህል ሊወስድ ይችላል። በዛገ ወይም በላላ መገናኛ ላይ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ በዚያ ቦታ 2 ቮልት ይጠፋል ማለት ነው። ከ12 ቮልት ውስጥ ለሞተሩ የሚደርሰው 10 ብቻ ይሆናል። የጠፋው ጉልበትም 400 ዋት ሙቀት ሆኖ መገናኛውን ያቃጥላል። የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የጠቆረ ብሎን ወይም ከሌላው ይልቅ የሚግል የገመድ ጫፍ ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በሞተሩ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ ተደርጎ ፓምፑ እንዲሠራ ይደረጋል። ቴስተሩ የሚያሳየው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ገመዱና መገናኛዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ተመሳሳይ ልኬት ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ድረስም ይወሰዳል። በጋራዥ ቋንቋ "ማሳ" የሚባለው ይህ መስመር በተደጋጋሚ የሚረሳው ነው፤ ቀለም በተቀባ ወይም በዛገ ብረት ላይ የታሰረ ማሳ ከላይ ሲታይ ጥብቅ ቢመስልም ኤሌክትሪክ በቅጡ አያሳልፍም። መፍትሔው ፈቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብሩሽ አጽድቶ፣ አጥብቆ ማሰርና በግራሶ መሸፈን ነው።

በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ኤሌክትሪኩ ወደሚንቀሳቀሰው አካል የሚደርሰው በሻሲው ላይ በተዘረጋ የመዳብ ንጣፍና በላዩ በሚንሸራተት ብሩሽ አማካኝነት ነው። ሰጋቱራና ሙጫ በንጣፉ ላይ ሲለጠፍ ማሽኑ በአንድ ቦታ ላይ ይሠራና ትንሽ ራቅ ሲል ይቆማል። ብልሽቱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ የሚከሰት ከሆነ ንጣፉን ማጽዳት ከሁሉም ይቀድማል። የእንቅስቃሴ ወሰን የሚጠብቁ ማብሪያዎችም በሰጋቱራ ተጣብቀው ሲቀሩ የመጋዙ ራስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል።

ፊውዝ ሲቃጠል በተመሳሳይ አምፒር ብቻ ይተካል። ሁለተኛው ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም ሞተሩ ታንቋል ማለት ነው። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ብልሽቱን አይጠግነውም፤ እሳት ይጠራል። በሰጋቱራና በነዳጅ በተከበበ ማሽን ላይ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

በከተማ መስመር ለሚሠሩ ማሽኖች

በከተማ የእንጨት መሸጫ ግቢዎች ውስጥ መሰንጠቂያው በሦስት ፌዝ ሞተር ሊሠራ ይችላል። እዚህ ሁለት የታወቁ ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ነው። ሞተሩ ከመነሳት ይልቅ እየጮኸ ይቆማል፤ በሥራ ላይ ከነበረ ደግሞ እየደከመ ይግላል፣ ካልጠፋም ጥቅሉ ይቃጠላል። ሁለተኛው መስመሮቹ ተለዋውጠው ሲታሰሩ ነው። ግቢ ከተቀየረ ወይም መስመር ከተጠገነ በኋላ ሁለት ፌዞች ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ያኔ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ድምፅ እያሰማ ዘይት አይገፋም፤ እንዲህ ባለው ሁኔታ መሥራቱ ከቀጠለም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ አዲስ ቦታ በተተከለ ቁጥር በሞተሩ ላይ ያለው የቀስት ምልክትና የሚዞርበት አቅጣጫ መመሳሰላቸው ይረጋገጣል።

ቀጭንና ረጅም ገመድም ሞተሩን ያዳክማል። በ380 ቮልት መስመር ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ግን የባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ድርሻ ነው፤ ማሽነሪው ማድረግ ያለበት ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ማንም እንዳይመልሰው መቆለፍና ባለሙያ መጥራት ነው።

የሃይድሮሊክ ፍተሻ፦ ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?

ኤሌክትሪኩ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ዘይቱ ይታለፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር ነው፤ የደከመው ሁሉም እንቅስቃሴ ነው ወይስ አንዱ ብቻ? ማንሻው፣ ማዞሪያውና ማቀፊያው ሁሉ ከደከሙ ችግሩ የጋራ በሆነው ክፍል፣ ማለትም በዘይቱ፣ በፊልትሮው፣ በፓምፑ ወይም በግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ላይ ነው። ማንሻው ብቻ ደክሞ ሌሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ፓምፑን መንካት አያስፈልግም፤ የማንሻው የራሱ ቫልቭ፣ ቱቦ ወይም ሲሊንደር ይፈተሻል።

ሁለተኛው መለያ ፍጥነትና ጉልበት ነው። የሲሊንደር ፍጥነት የሚመጣው በደቂቃ ከሚደርሰው የዘይት መጠን ሲሆን፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከግፊቱ ነው። ባዶውን ሲነሳ ፈጣን የሆነ፣ ግንድ ሲጫንበት ግን የሚቆም ክንድ ግፊት አጥቷል። ባዶውንም ሆነ ተጭኖ በዝግታ የሚነሳ ክንድ ደግሞ በቂ ዘይት አልደረሰውም።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል። የዘይቱ መጠን የሚለካው ሲሊንደሮቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ ማሽኑም ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ ነው። ክንዶቹ ተዘርግተው ከተለካ ዘይቱ የጎደለ ይመስላል፤ ያኔ የሚጨመረው ዘይት ክንዶቹ ሲሰበሰቡ ሞልቶ ይፈሳል። የዘይቱ መልክም ይናገራል። አረፋ የበዛበት ዘይት አየር ገብቶበታል፤ አየሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዘይት ማነስ ወይም በመሳቢያው ቱቦ ላይ ባለ ልል ማሰሪያ ነው። ማሽኑ ካረፈ በኋላም እንደ ወተት የነጣ ሆኖ የሚቀር ዘይት ውኃ ገብቶበታልና መቀየር አለበት። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ደግሞ ከመጠን በላይ ግሏል። የዘይቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆይ ዘይቱም ጉሚኒዎቹም ቶሎ ያረጃሉ።

ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ሲያሰማ ብዙ ጊዜ የሚስበው ዘይት አንሶታል ማለት ነው። የተዘጋ ፊልትሮ፣ የተጣመመ መሳቢያ ቱቦ ወይም በደጋ ማለዳ የወፈረ ዘይት ሊሆን ይችላል። እንደ እንጅባራ ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ጠዋት ላይ ማሽኑን ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት፣ ከዚያ ግንድ ማንሳት ፓምፑን ያድነዋል።

ግፊቱ ራሱ የሚታወቀው በግፊት መለኪያ እንጂ በግምት አይደለም። ንባቡ በማሽኑ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ካነሰ ቆሻሻ የያዘው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፤ ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር ሳይደርስ ወደ ጋኑ ይመለሳል። የዚህን ቫልቭ ብሎን እያጠበቁ ጉልበት ለመጨመር መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። ቫልቩ የማሽኑ የመጨረሻ መከላከያ በመሆኑ ከተፈቀደው በላይ ሲጠብቅ የሚፈነዳው ቱቦው ወይም የሚጎብጠው ክንዱ ነው።

ግንድ ተሸክሞ የቆመ ክንድ እጀታው ሳይነካ በዝግታ የሚወርድ ከሆነ በውጭ የሚታይ ፍሳሽ መኖሩ ይጣራል። ፍሳሽ ከሌለ ዘይቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ባረጀው የፒስተን ጉሚኒ ወይም በቫልቩ በኩል እያለፈ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሲሊንደር መግዛት ተገቢ አይደለም፤ የጉሚኒ ዋጋና የሲሊንደር ዋጋ የሚነጻጸሩ አይደሉምና።

ጣት ሊያሳጣ የሚችል ትንሽ ቀዳዳ

ከኪሳራው ሁሉ የሚብሰው አካል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በብዙ ማሽኖች የሃይድሮሊክ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከ100 ባር ይበልጣል፤ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት 40 እጥፍ ገደማ ነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ባለች ትንሽ ክፍተት የሚወጣ ዘይት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ለመግባት ግን በቂ ኃይል አለው። ስለዚህ የፍሳሽ ቦታ በእጅ እየተዳሰሰ አይፈለግም። ካርቶን ወይም ጣውላ ከርቀት ቱቦው አጠገብ ሲደረግ ዘይቱ በላዩ ላይ ምልክት ይተዋል።

ዘይት ቆዳን የበሳው ሰው መጀመሪያ ላይ ብዙ ሕመም ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉም የእሾህ ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ሊያዘናጋ አይገባም። ዘይቱ በውስጥ ሆኖ ሥጋውን ስለሚጎዳ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ መዘግየት ጣትን ወይም እጅን እስከማሳጣት ይደርሳል። ተጎጂው ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ፣ ለሐኪሙም "ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ገብቶብኛል" ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። ይህ ካልተነገረ ቁስሉ ተጠርጎ በፋሻ ታስሮ ሊሸኝ ይችላል።

ብልሽትን የሚቀድም ልማድ

የአብዛኞቹ ብልሽቶች ምንጭ ሰጋቱራ፣ እርጥበትና ንዝረት ናቸው። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ መገናኛዎችን፣ ማብሪያዎችንና የጋኑን ክዳን አካባቢ መጥረግ፣ በየሳምንቱ የባትሪ ራሶችንና የማሳ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ ቱቦዎች ብረት የሚነኩበትን ቦታ ማየት ብዙ ጊዜ የማይወስዱ ሥራዎች ናቸው። ዘይት ሲጨመር ማንቆርቆሪያውም ማጣሪያውም ንጹሕ መሆን አለበት፤ በዓይን የማይታይ አሸዋ ፓምፕ ይበላል። ከክረምት በፊት ማሽኑን መሸፈን፣ ባትሪውን ነቅሎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥና በየጊዜው መሙላት የመስከረምን ችግር ይቀንሳል።

ሌላው መሣሪያ ደብተር ነው። ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረበት ቀን፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ የተነበበው ቮልትና ግፊት፣ የተተካው ዕቃ ሁሉ ቢመዘገብ ብልሽት ሲከሰት ማነጻጸሪያ ይሆናል። በማኅበር በጋራ በሚሠራ ማሽን ላይ ደግሞ ማሽነሪዎች ስለሚፈራረቁ መዝገቡ የማሽኑ ትዝታ ነው።

እነዚህ ፍተሻዎች ባለሙያን አይተኩም። ፓምፕ መፍታት፣ የግፊት ቫልቭ ማስተካከል፣ የሲሊንደር ጉሚኒ መቀየርና የከፍተኛ ቮልት ሥራ ለሠለጠነ እጅ የሚተዉ ናቸው። ነገር ግን ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚደወል ስልክ "ማሽኑ እምቢ አለ" ከሚል ይልቅ "ባትሪው በጭነት ላይ 11 ቮልት ነው፣ በገመዱ የጠፋ ቮልት የለም፣ ማንሻው ብቻ ይደክማል፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው" የሚል ከሆነ ጠጋኙ የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። የሁለት ጉዞ ወጪ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ግንዱም ሳይሰነጠቅ ጣውላ ይሆናል።